የአየር ንብረት ለውጥ በወር ቢላችን ላይ፦ የመንትዮቹ ከተሞች ምክር ቤቶች እና እኛ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ወሬ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ አገር ቤት ነው። የቀረ የበልግ ዝናብ፣ ያለቀ የቦረና ከብት፣ ያለ ወቅቱ የመጣ ጎርፍ ይታወሰናል። መታወሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለዚሁ ጉዳይ እዚሁ በየወሩ ገንዘብ እንደምንከፍል ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ክፍያው መዋጮ አይደለም፤ ፈቃዳችንን መጥቶ የጠየቀንም የለም። ቤት ያለው ሰው በውኃ ቢሉ ወይም በንብረት ግብሩ ላይ፣ ተከራይ የሆነው ደግሞ በኪራዩ ውስጥ ተደብቆ ይከፍለዋል። በሚኒያፖሊስ በመብራትና በጋዝ ቢል ላይም ሌላ መስመር አለ። የዚህ ገንዘብ አብዛኛው የት እንደሚውል የሚወስኑት የምንኖርባቸው ከተሞች ምክር ቤቶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ከተሞች ምን አቀዱ፣ ምን ሠሩ፣ ምንስ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው የሚለውን ለማየት እሞክራለሁ። በምህንድስና ሙያ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ከመግለጫው ይልቅ ቱቦውንና ሒሳቡን ማየት ይቀናኛል። ድምዳሜዬን ከወዲሁ ልናገር። የአንድ ከተማ የአየር ንብረት ዕቅድ እውነተኛ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በሦስት አሰልቺ ወረቀቶች ነው፤ እነሱም የዝናብ ሠንጠረዥ፣ የወር ቢል እና የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወረቀቶች ውስጥ ወደድንም ጠላንም አለንበት። በሦስተኛው ግን ብዙም አንታይም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ተለወጠ?

ሚኒሶታ ቀዝቃዛ ስቴት ስለሆነች "ትንሽ ብትሞቅ ምን ይጎዳናል?" የሚለው ቀልድ ቡና በተጠጣበት ሁሉ ይሰማል። ቀልዱ ደስ ይላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ከ1895 ወዲህ በተያዘው መዝገብ መሠረት የስቴቱ አማካይ ሙቀት በ3 ዲግሪ ፋራንሃይት ገደማ ጨምሯል። ጭማሪው ጎልቶ የሚታየው በሰመሩ ቀን ሳይሆን በዊንተሩ ሌሊት ነው። የ2023–24 ዊንተር በመንትዮቹ ከተሞች መዝገብ ከታዩት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ሚኒያፖሊስ በቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ የዓለም ዋንጫ የስኪ ውድድር ስታስተናግድ፣ እስከ ውድድሩ ዋዜማ ድረስ አዘጋጆቹ ተስፋቸውን የጣሉት በማሽን በተሠራ በረዶ ላይ ነበር።

የለዘበ ዊንተር ማለት ደግሞ የተመቸ ዊንተር ማለት አይደለም። ቀን የሚቀልጥ፣ ማታ መስታወት ሆኖ የሚያድር መንገድ ማለት ነው። መንገዱ በጨው ይታከማል፤ ጨው ደግሞ የመኪናችንን ሆድ ከመብላቱም በላይ ሄዶ ሄዶ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። የስቴቱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንደሚያስተምረው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውኃ ለዘለቄታው ለመበከል ይበቃል።

የከተማ መሐንዲስን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ከሁሉ ይልቅ ዝናቡ ነው። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ሲያወርደውም ባንድ ጊዜ ያወርደዋል። የስቴቱ የአየር ንብረት ባለሙያዎች "ሜጋ ሬይን" የሚሉት ዝናብ አለ። ቢያንስ በ1,000 ካሬ ማይል ስፋት ላይ 6 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚጥል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ 8 ኢንች የሚደርስ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዝናብ ከ2000 ወዲህ ከቀድሞው ይልቅ ተደጋግሟል። በአንጻሩ ከ2021 እስከ 2023 በተከታታይ ድርቅ ታየ። በጁን 2023 አጋማሽ ከካናዳ የደን ቃጠሎ የመጣው ጭስ የመንትዮቹን ከተሞች አየር ከአገሪቱ እጅግ የከፋ ካደረጉት ቀናት አንዱን አስቆጠረ። ጎርፍ፣ ድርቅና ጭስ በአንድ ከተማ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማለት ነው።

አንደኛው ወረቀት፦ የዝናብ ሠንጠረዥ

ማንኛውም የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ሲነደፍ መሐንዲሱ ስንት ዝናብ እንደሚጠበቅ ይጠይቃል። መልሱን የሚያገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከሠንጠረዥ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲሠራበት የኖረው የፌዴራል ሠንጠረዥ የታተመው በ1961 ነበር። በእሱ መሠረት በመንትዮቹ ከተሞች "የመቶ ዓመት ዝናብ" የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 6 ኢንች ገደማ ነው። ስሙ ሰውን ስለሚያሳስት ላብራራ። በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት ሳይሆን በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። በ2013 "አትላስ 14" የተባለው አዲስ ሠንጠረዥ ሲወጣ ያው ዝናብ ከ7 ኢንች አለፈ።

"አንድ ኢንች ምን አላት?" የሚል ይኖራል። አንድ ኢንች ዝናብ በአንድ ኤከር ላይ 27,000 ጋሎን ገደማ ውኃ ነው። በአንድ ካሬ ማይል ላይ ሲሆን ከ17 ሚሊዮን ጋሎን ይበልጣል። አፈርና ሣር ቢሆን ብዙውን ይጠጣው ነበር። ከተማ ግን ጣሪያ፣ አስፋልትና ፓርኪንግ ነው፤ ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦው አፍ ላይ ይደርሳል። ሠንጠረዡ በ2013 ቢቀየርም ከመንገድ በታች ያሉት ቱቦዎች አብረው አልተቀየሩም። ብዙዎቹ የ1961ዱ ሠንጠረዥ ራሱ ከመታተሙ በፊት የተቀበሩ ናቸው። ከዚያም በላይ ተራ የመንገድ ቱቦ የሚነደፈው ለመቶ ዓመቱ ሳይሆን ከዚያ በጣም ለሚያንሰው ዝናብ ነው፤ የተረፈው ውኃ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል ወይም የሰው ቤዝመንት ይገባል።

ሠንጠረዡን የሚያሳፍር ዝናብ ደግሞ ከዚህ በፊትም መጥቷል። በጁላይ 23 ቀን 1987 ማታ የሚኒያፖሊስ–ሴንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 10 ኢንች ዝናብ መዝግቧል። ደቡብ ሚኒያፖሊስ ውስጥ 35ደብሊው አውራ ጎዳና 42ኛው መንገድ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ በኃይለኛ ዝናብ ጊዜ ማንሆሉ እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ይተፋ ነበር። የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ2020 ወዲህ እዚያው ሥር ግዙፍ የሲሊንደር ጉድጓዶች ቆፍሮ፣ ውኃው ዝናቡ እስኪያልፍ የሚጠራቀምበት ማከማቻ ሠርቷል። በዚያ የሚነዳ ሁሉ በላዩ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለውን ግን አያይም።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ጉድጓድ መቆፈር አይቻልም፤ ገንዘቡ የለም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ውኃውን ከምንጩ በኩሬ፣ በዝናብ አትክልት ቦታና በዛፍ ጉድጓድ መያዝ፣ አለዚያም አንዳንድ መንገዶች እንደሚጥለቀለቁ አምኖ መቀበል ነው። የትኛው ሰፈር ይቅደም? የትኛው ይታገሥ? እዚህ ላይ የምህንድስናው ጥያቄ ያበቃና የምክር ቤቱ ጥያቄ ይጀምራል።

ማን ምን ይወስናል?

አገር ቤት "መንግሥት" ስንል አንድ ነገር ይታየናል። እዚህ ግን በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር እንኳ አምስት መንግሥት አለ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ አስፋልቱ የከተማው ነው። በመንገዱ ዳር የቆመው ዛፍ የፓርክ ቦርዱ ነው፤ ይህም ራሱን ችሎ በሕዝብ የሚመረጥ አካል ነው። በመንገዱ ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ በገዥው የሚሾሙ 17 አባላት ያሉት፣ በ1967 የተቋቋመው የሜትሮፖሊታን ካውንስል ነው። ቆሻሻው የሚቃጠልበት ማመንጫ የሄነፒን ካውንቲ ነው። ከላይ የተዘረጋው የመብራት ሽቦ ደግሞ የኤክሴል ኢነርጂ ነው፤ ኩባንያውን የሚቆጣጠረው የስቴቱ ኮሚሽን እንጂ የከተማው ምክር ቤት አይደለም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ምክር ቤት "የካርቦን ልቀትን በዚህን ያህል እቀንሳለሁ" ብሎ ሲወስን፣ ልቀቱ ከሚወጣባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ በእጁ አይደሉም። በእጁ ያሉት ጥቂት መሣሪያዎች ናቸው፦ የግንባታ ደንብና የመሬት አጠቃቀም፣ የጎርፍ ቱቦ፣ መንገድ፣ የራሱ ሕንጻዎችና መኪናዎች፣ እንዲሁም ኩባንያዎቹ ሽቦና ቱቧቸውን በከተማው መሬት ላይ ለማሳለፍ የሚፈርሙት ውል። ስለዚህ አንድን ምክር ቤት በገባው ቃል ብቻ ሳይሆን በእጁ ያሉትን መሣሪያዎች እንዴት እንደተጠቀመባቸው መመዘን ይገባል።

ሚኒያፖሊስ፦ ቃልና ተግባር

የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት የመጀመሪያውን የአየር ንብረት የድርጊት መርሐ ግብር ያጸደቀው በ2013 ነው። የ2006ን ልቀት መነሻ አድርጎ በ2015 በ15፣ በ2025 ደግሞ በ30 ከመቶ ለመቀነስ አቀደ፤ በ2050 በ80 ከመቶ የመቀነስ ግብ ከዚያ በኋላ ተጨመረ። የ2015ቱ ግብ ተሳክቷል። ምስጋናው ግን በአብዛኛው የሚገባው የመብራት ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል ወደ ንፋስና ወደ ሌሎች ምንጮች በመዞሩ ነው። የዊንተር ማሞቂያችን የሆነው የተፈጥሮ ጋዝ ግን እንደ መብራቱ በቀላሉ አልተነቃነቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ማመንጫ ሲዘጋ የመቶ ሺዎች መብራት ባንዴ ይጸዳል። ማሞቂያ ግን ቤት ለቤት፣ ቦይለር በቦይለር፣ መስኮት በመስኮት ነው።

በዚያው በ2013 አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሆነ። ከኤክሴልና ከሴንተርፖይንት ኢነርጂ ጋር የነበረው የከተማው ውል ሊያበቃ ሲቃረብ፣ "ሚኒያፖሊስ ኢነርጂ ኦፕሽንስ" በሚል ስም የተሰባሰቡ ነዋሪዎች ኩባንያዎቹ የማይተባበሩ ከሆነ ከተማዋ የራሷን የመብራትና የጋዝ ድርጅት ታቋቁም የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ምክር ቤቱ የሕዝብ ውይይት ጠራ። ከተማዋ ድርጅቱን አላቋቋመችም። ነገር ግን በ2014 አዲሱ ውል ሲፈረም ሁለቱ ኩባንያዎች ከከተማው ጋር "የንጹሕ ኃይል ሽርክና" ውስጥ ገቡ። በአሜሪካ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ሽርክና ነበር። ሰልፉና ውይይቱ ባይኖር ኖሮ ያ ውል እንደ ወትሮው በጸጥታ በታደሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ2017 ምክር ቤቱ "ግሪን ዞን" የተባሉ ሁለት ሰፈሮችን ሰየመ። የደቡቡ ግሪን ዞን ፊሊፕስንና ሴዳር–ሪቨርሳይድን ያካትታል። ሴዳር–ሪቨርሳይድ የስንቶቻችን የመጀመሪያ አፓርትመንት፣ የስንቶቻችን የመጀመሪያ አድራሻ ነው! ስያሜው ብክለት፣ ሙቀትና ድህነት የተደራረቡባቸው ሰፈሮች ቅድሚያ እንዲያገኙ የታሰበ ነው። በዲሴምበር 2019 ምክር ቤቱ የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። በጁላይ 2023 ደግሞ የ2013ቱን መርሐ ግብር የሚተካ የአየር ንብረት ፍትሐዊነት ዕቅድ አጸደቀ።

ይሁን እንጂ ስያሜ ብቻውን ጥላ አይሆንም። ለዚህ የኢስት ፊሊፕሱ "ሩፍ ዲፖ" ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። ከተማው በ2016 ይህን አሮጌ መጋዘን ገዝቶ የውኃ ክፍሉን መኪኖችና ማከማቻ ወደዚያ ለማዛወር አቀደ። አካባቢው ቀድሞ የፀረ ተባይ መርዝ ይመረትበት ከነበረ ቦታ በተረፈ አርሰኒክ የተጎዳ፣ አስም የበዛበት ሰፈር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ምክር ቤት ሰፈሩን ግሪን ዞን ብሎ ሰየመው፤ የመኪኖቹን ዕቅድ ግን አልተወውም። ነዋሪዎቹ ቦታው የከተማ እርሻና የማኅበረሰብ ማዕከል ይሁን ብለው ለዓመታት ተሟገቱ፤ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2023 መጀመሪያ በብርድ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት በስቴቱ ሕግ አውጪዎች አማካይነት ሕንጻው ለነዋሪዎቹ ድርጅት እንዲሸጥ ስምምነት ተደረሰ። ገንዘቡን የማሟላቱ ትግል ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። ከዚህ የምንማረው አንድ ምክር ቤት በግራ እጁ የሚጽፈውን በቀኝ እጁ ሊያፈርሰው እንደሚችል፣ ይህንንም የሚያየው እዚያው የሚኖረው ሰው እንደሆነ ነው።

የሕግና የአካባቢ ጥበቃ ግንኙነትም ሁልጊዜ ቀጥተኛ አይደለም። በዲሴምበር 2018 የጸደቀው "ሚኒያፖሊስ 2040" በየሰፈሩ ከአንድ ቤተሰብ ቤት በላይ እንዲሠራ ፈቀደ። ሰዎች ተቀራርበው ሲኖሩ ብዙ መንዳት አያስፈልጋቸውም፤ ለማሞቂያም ያንሳል የሚለው አንዱ ክርክር ነበር። ተቃዋሚዎች ግን በስቴቱ የአካባቢ መብት ሕግ ከስሰው ዕቅዱን ለጊዜው አሳገዱት። በመጨረሻም በ2024 የስቴቱ ምክር ቤት በሕግ ነጻ አወጣው። አካባቢን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ አካባቢን ለመጠበቅ የታሰበን ዕቅድ ለማገድ ሲውል አየን ማለት ነው።

ሴንት ፖል፦ ወንዝ፣ ዛፍና ሙቅ ውኃ

ሴንት ፖል የአየር ንብረት ዕቅዷን ያጸደቀችው በዲሴምበር 2019 ነው። የከተማው አስተዳደር የራሱን ልቀት በ2030፣ ከተማዋ በሙሉ ደግሞ በ2050 ከካርቦን ነጻ እንድትሆን ያልማል። ሴንት ፖል ከጎርፍ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የሚሲሲፒ ወንዝ በ1965 ጸደይ 26 ጫማ ደርሶ ነበር፤ እስከ ዛሬም ከዚያ ያለፈ አልተመዘገበም። በ2019 ወንዙ ያን ያህል ባይወጣም ለሳምንታት ሳይወርድ ከርሟል። በ2024 ደግሞ ጎርፉ በበረዶ መቅለጥ ሳይሆን በጁን ዝናብ መጣ።

ይህች ከተማ በጸጥታ የሠራቻቸው ሁለት ነገሮች ለእኔ ከዕቅዱ ሰነድ ይልቅ ይናገራሉ። አንደኛው በ1983 ሥራ የጀመረው ዲስትሪክት ኢነርጂ ነው። የመሐል ከተማውን ሕንጻዎች ከአንድ ማዕከል በቧንቧ በሚላክ ሙቅ ውኃ ያሞቃል። ማዕከሉ ከ2003 ጀምሮ ከከተማ የሚሰበሰብ የእንጨት ተረፈ ምርት ያነዳል፤ ከሰል ማቃጠሉን ደግሞ በ2021 አቁሟል። ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ አቬኑ የግሪን ላይኑ ባቡር ሲዘረጋ የተሠራው ነው። ባቡሩ በ2014 ሥራ ሲጀምር ከእግረኛው መንገድ ሥር የዛፍ ጉድጓዶች አብረው ተሠርተው ነበር። የመንገዱ ዝናብ ወደ ጉድጓዶቹ ገብቶ ዛፎቹን ያጠጣል፤ የተረፈው ወደ መሬት ይሰርጋል። ስኔሊንግ ላይ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወጥታችሁ ወደ ባቡሩ ስትሄዱ የምታዩት ዛፍ ለጌጥ ብቻ የቆመ አይደለም፤ የጎርፍ ማስተንፈሻ ነው።

ስለ ዛፍ ከተነሳ፣ "አሽ" የተባለውን ዛፍ የሚጨርሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ በሚኒሶታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ2009 በዚሁ በሴንት ፖል ነው። የሚኒያፖሊስ ፓርክ ቦርድ ከ2014 ጀምሮ በስምንት ዓመት 40,000 የመንገድ ዳር አሽ ዛፎችን ቆርጦ በሌላ ለመተካት ተነሳ። የመንገድ ዳሩ ዛፍ በሕዝብ ገንዘብ ተቆረጠ። በግለሰብ ግቢ ያለው ግን "የታመመ ነው፣ ቁረጥ" የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፤ ወጪው የባለ ቤቱ ነው፤ ካልቻለም ዕዳው በንብረት ግብሩ ላይ ይጨመርበታል። በ2011 ቶርኔዶ ዛፎቿን በጠረገባት በሰሜን ሚኒያፖሊስ ይህ ዕዳ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ሆነ፤ ጩኸትም ተነሳ። በ2023 ለእንዲህ ያሉ ሰፈሮች የ8 ሚሊዮን ዶላር የፌዴራል ድጋፍ ተገኘ። ከ2025 ወዲህ ግን ዋሽንግተን ፊቷን ከአየር ንብረት ጉዳይ አዙራለች፤ ከተሞች የፌዴራልን እጅ አምነው ማቀድ አይችሉም። የቀረው የራሳቸው ኪስ ነው፤ የራሳቸው ኪስ ማለት ደግሞ የእኛ ቢል ነው።

ሁለተኛው ወረቀት፦ የወር ቢል

ሚኒያፖሊስ ከ2005 ጀምሮ የጎርፍ ፍሳሽ ክፍያን ከቆሻሻ ውኃ ክፍያ ለይታ ታስከፍላለች። ሒሳቡ የሚሠራው በተጠቀማችሁት ውኃ ሳይሆን በግቢያችሁ ውስጥ ውኃ በማይጠጣው ወለል ስፋት ነው፤ አንዱ መለኪያ 1,530 ካሬ ጫማ ነው። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው። ሰፊ ፓርኪንግ ያለው ሱቅ ወደ ቱቦው ብዙ ውኃ ስለሚልክ ብዙ ይከፍላል። ውኃውን በግቢው ውስጥ አጣርቶ የሚያስቀር ሰው ደግሞ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። ቅናሹ ግን አመልካቹን ይጠብቃል እንጂ ራሱ መጥቶ በር አያንኳኳም። ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ጋራዥ ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለን ሁሉ ይህን ክፍያ እንከፍላለን፤ ቅናሹን የጠየቅን ግን ስንት እንሆን?

ሁለተኛው መስመር የፍራንቻይዝ ክፍያ ይባላል። መብራትና ጋዝ አቅራቢዎቹ በከተማው መሬት ለመጠቀም የሚከፍሉት ቢሆንም በእናንተ ቢል ላይ አልፎ የሚመጣ ነው። ምክር ቤቱ በ2023 ይህን ክፍያ ከፍ አድርጎ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለአየር ንብረት ሥራ መደበ። ገንዘቡ የቤቶችን ግድግዳና ጣሪያ ለማሸግ፣ ዛፍ ለመትከልና ንግድ ቤቶችን ለመደገፍ እንዲውል፣ ግሪን ዞኖችም ቅድሚያ እንዲያገኙ ታስቧል።

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን። ተከራይ የመብራት ቢሉን ይከፍላል፤ ጭማሪውንም ይከፍላል። ግድግዳውን ማሸግ፣ ቦይለሩን መቀየር፣ መስኮቱን ማደስ ግን የባለ ንብረቱ ውሳኔ ነው። ባለ ንብረቱ ደግሞ ቢሉን ስለማይከፍል የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ጥንቃቄ ካልተደረገ ገንዘቡ ከተከራይ ተሰብስቦ፣ ቅጹን መሙላት ለሚችልና ጊዜ ላለው ባለ ቤት ይውላል። ይህ ሴራ አይደለም፤ ማንም ሳይፈልገው ከአሠራሩ የሚመጣ ውጤት ነው። ምክር ቤቱ ይህን ለማስተካከል ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ከዕቅዱ ገጾች ሁሉ ይልቅ ይጠቅማል፦ በየዓመቱ ስንት የኪራይ ቤቶች ታሸጉ? ባለ ንብረቱ ገንዘብ ሲቀበል ኪራይ እንዳይጨምር ምን ተዋዋለ? ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በነጻ የሚሰጠው የቤት ኃይል ፍተሻ በስንት ቋንቋ ተነገረ?

ሦስተኛው ወረቀት፦ ቃለ ጉባኤ

"ዝም አይነቅዝም" ይላል የአገራችን ሰው። በብዙ ጉዳይ ጥሩ ምክር ነው። በከተማ በጀት ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ከንቲባው በጀቱን በኦገስት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ በዲሴምበር ያጸድቃል፤ በመካከሉ ማንኛውም ነዋሪ ቆሞ መናገር የሚችልባቸው ስብሰባዎች አሉ። የተነገረው ይመዘገባል፤ ያልተነገረው አይመዘገብም። የሰማሁት ቅሬታ ሁሉ በየመኪናውና በየለቅሶ ቤቱ የቀረ ነው። "ቤዝመንቴ ገባብኝ"፣ "አፓርትመንቱ በሰመር ምጣድ ነው"፣ "ዛፉን ቁረጥ ብለው ሦስት ሺህ ዶላር ጠየቁኝ" እንባባላለን። የመሐንዲሱ ካርታ ላይ ግን ሰፈሩ ቀይ የሚሆነው ሰው ደውሎ ሲያስመዘግብ ነው። ያልተመዘገበ ጎርፍ ለቅድሚያ ዝርዝሩ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ሶማሊያውያን ጎረቤቶቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። በ2013 አብዲ ዋርሳሜ ሴዳር–ሪቨርሳይድን ከሚያካትተው ስድስተኛ ዋርድ ተመርጦ የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት የመጀመሪያው ሶማሊያዊ–አሜሪካዊ አባል ሆነ። ቁጥራቸው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ተሰብስበው ስለመጡ ነው። እኛ በፖለቲካው ስንከፋፈል በአንድ አፓርትመንት ኮሪደር ውስጥ እንኳ ሰላምታ እስከመነፋፈግ ደርሰናል። ጎርፍ ግን ብሔር አይጠይቅም፤ የአማራውንም የኦሮሞውንም የትግሬውንም የጉራጌውንም ቤዝመንት እኩል ይገባል። ምናልባት ተቀራርበን ልንነጋገርበት የምንችለው ቀላሉ ርዕስ የጋራ ቱቧችን ይሆን ይሆናል።

ጊዜውም አሁን ነው። የስቴቱ ሕግ አውጪዎች በ2023 ባወጡት ሕግ የአካባቢው ከተሞች ሁሉ በአጠቃላይ ዕቅዶቻቸው ውስጥ የአየር ንብረት ጉዳይን እንዲያካትቱ አዘዋል። የሜትሮፖሊታን ካውንስል በፌብሩዋሪ 2025 "ኢማጂን 2050" የተባለውን የአካባቢውን ዕቅድ አጽድቋል። ከተሞቹ በዚህ መሠረት የየራሳቸውን ዕቅድ የሚያቀርቡበት ቀነ ገደብ የ2028 መጨረሻ ነው። ይህ ማለት በብሩክሊን ፓርክ፣ በሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ በሜፕልዉድም የምትኖሩ ጭምር የሰፈራችሁ ጎርፍ፣ ዛፍና አውቶቡስ ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የሚጻፍበት ወቅት ላይ ናችሁ ማለት ነው። ሴንት ፖል ውስጥ 17 የዲስትሪክት ካውንስሎች አሉ፤ ሚኒያፖሊስም የየሰፈሩ ማኅበራት አሏት። በሩ ከምናስበው በላይ ቅርብ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ

ስለ አገር ቤት ሳልል ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። በኦገስት 2006 ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ከላይ ያለው ተራራ መራቆቱና ከታች ያለው የወንዝ ዳር መኖሪያ መሆኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነበር። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዲሉ፣ ግድግዳው የተጠናከረው ከጥፋቱ በኋላ ነው። በኖቬምበር 2025 ኢትዮጵያ በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ጉባኤው የሚያኮራ ነው፤ ችግኙም ይተከል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ነዋሪ የቀበሌው ቱቦ ለስንት ዝናብ እንደተነደፈ፣ የሚከፍለው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ጠይቆ መልስ ማግኘት ካልቻለ ዕቅዱ ከአዳራሽ አይወጣም። እዚህ ያለን ባለሙያዎች ለአገር ቤት ልናበረክት የምንችለው ትልቁ ነገር ምናልባት ገንዘብ ሳይሆን ይህን የመጠየቅ ልማድ ነው። ልማዱን ለማበርከት ደግሞ መጀመሪያ ራሳችን ሊኖረን ይገባል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የሚቀጥለው ቢል ሲመጣ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትጣሉት። የጎርፍ ፍሳሽና የፍራንቻይዝ የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ። የዋርዳችሁን ተመራጭ ስም እወቁ። ቤዝመንታችሁ ውኃ ከገባ ለጓደኛ ከመንገራችሁ በፊት ለከተማው አስመዝግቡ። በዓመት አንድ ምሽት፣ አምስትም ብንሆን፣ አብረን ወደ አንድ ስብሰባ ብንሄድ እዚያ የሚቀመጠው ቃለ ጉባኤ ያለ እኛ አይጻፍም።

ቸር ይግጠመን።